እርጥቡ ጨርቅ

“እዚያ ቤት ዳቦ ቢሰጡሽ ‘ጠግቤያለሁ’ በይ፤ ቆሎም ቢሰጡሽ እንደዚያው። ደግሞ ፊትሽን አታጨፍግጊ፤ ፈገግ ብለሽ ነው የምትዪው።”

የውብዳር ይህን የሰማችው በጠዋት ጓሮዋ ቁጭ ብላ ብርጭቆ ስታለቀልቅ ነው። ተናጋሪዋ ከአጥሩ ማዶ ያሉት ወይዘሮ ሸዋዬ ናቸው፤ ምክሩ የተሰጣት ደግሞ ትንሿ ልጃቸው ናት። ቀኑ ጥቅምት ሃያ አንድ፣ ማክሰኞ ነበር። የማርያም ማኅበር ተራው የደረሰው ለየውብዳር ቤት ስለሆነ ወይዘሮ ሸዋዬ ራሳቸው ከሰዓት በኋላ ከባላቸው ጋር ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በዚችው አጥር ዞረው መጥተው፣ እዚሁ ቤት ሊበሉና ሊጠጡ ነው። ልጅቷ ዳቦ እንዳትቀምስ ከተከለከለች እናትየዋ ለማኅበሩ የታረደውን በግ ምን ሊያደርጉት ይሆን? የውብዳር ይህን አሰበችና የያዘችውን ብርጭቆ ደፍታ ሌላ አነሣች። አልተናደደችም። ባለፈው ሐምሌ ቢሆን ኖሮ ከአጥሩ በላይ ብቅ ብላ የልቧን ትነግራቸው ነበር፤ አሁን ግን ንዴቱም እንደ ጣቶቿ ደንዝዟል። በአሰላ የጥቅምት ጠዋት ውሃ አጥንት ድረስ ይገባል። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ደግሞ ደረቅ ነው፤ የታጠበውን ብርጭቆ ጨርቅ ሳይነካው ያደርቀዋል።

ነገሩን የጀመረው ባሏ ግዛቸው ነው። ግዛቸው እስካለፈው ሰኔ ድረስ የግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ከሸዋ ተመድቦ የመጣ፣ ኮትና ከረባት የማይለየው፣ ሰባ አምስት ብር ደሞዝተኛ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ከማኅተም የተረፈውን ቀይ ሰም በጣቱ እያሟሸ ግብር ሊከፍሉ የመጡትን ሰዎች ራስ ይሠራ ነበር፤ አፍንጫቸውን፣ ጥምጥማቸውን፣ ወረፋ ያሰለቸው ፊታቸውን። ያኔ ሁሉም ወደደው። የመሥሪያ ቤቱ ሹም አቶ ገብረሥላሴ፣ ማለትም የወይዘሮ ሸዋዬ ባል፣ የራሳቸውን ራስ በሰም አሠርተው ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጠው ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያሳዩ ነበር። ችግሩ የመጣው ግዛቸው በፈቃዱ ጊዜ አዲስ አበባ ሄዶ፣ አንድ አርመናዊ ለሀብታሞች መቃብር የሟቾቹን ምስል ሲሠራ አይቶ የተመለሰ ጊዜ ነው። ከዚያ አንድ ጠዋት መሥሪያ ቤት ገብቶ “ከዛሬ ጀምሮ ሐውልት ሠሪ ነኝ” አለና ቁልፉን አስረክቦ ወጣ።

ይህም ቢሆን ያልፍ ነበር። አበደ ይባልና ይረሳል። ያላለፈው ሐውልቱ በምን እንደሚሠራ የታየ ቀን ነው። ሐውልት መጨረሻው ሲሚንቶ ቢሆንም መጀመሪያው ጭቃ ነው፤ ፊቱ በጭቃ ይበጃል፣ በጭቃው ላይ ጀሶ ይፈስሳል፣ ሲሚንቶው የሚገባው በመጨረሻ በጀሶው ቅርጽ ውስጥ ነው። ግዛቸው የመጀመሪያውን ጭቃ ያመጣው ከሸክላ ሠሪዋ ከቱሳ ጉድጓድ ነው። አብሯት ቆፈረ፣ አብሯት በእግሩ ረገጠ፣ በጆንያ ሞልቶ በገዛ ትከሻው ተሸከመና በቅዳሜ ገበያ መሐል ለመሐል ይዞት አለፈ፤ ያውም በከረባት። በአህያ ቢያስጭነው ምን ነበረበት? ከሲሚንቶው ቢጀምር ኖሮ እኮ መሐንዲስ ይሉት ነበር። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ግን በከተማው ዘንድ ግዛቸው ሥራ የለቀቀ ጸሐፊ መሆኑ ቀረና ሸክላ ሠሪ ሆኖ አረፈው።

ሸክላ ሠሪ ደግሞ ምን እንደሚባል የታወቀ ነው። “ቡዳ” የሚለውን ቃል ፊት ለፊት የተናገረ ግን የለም፤ ዓይኑ ሰው ይበላል ተብሎ የሚፈራን ሰው ማን ደፍሮ ይሰድበዋል? ይህን የሚያምኑት ከሸዋ የመጡት ብቻ አይደሉም፤ የአገሬውም ሰው ያምናል። በግብርም በመሬትም የማይስማማ ሁሉ በዚህ ይስማማል። ሰላምታ የነሣቸው አልነበረም። እንዲያውም ሰላምታው በዛ፣ ረዘመ፣ ራቅ ብሎም ሆነ። እናቶች የውብዳርን ከሩቅ ሲያዩ ያዘሉትን ሕፃን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። የገበያ ሴት መልሱን በእጇ አታቀብላትም፤ መደቡ ላይ ታስቀምጠዋለች። ወተት የምታመጣላቸው ሴት ላሜ ነጠፈች አለቻት፤ ላሟ ግን ለወይዘሮ ሸዋዬ ቤት አልነጠፈችም። ስለዚህ ሁሉም ነገር በዛሬው ማኅበር የሚወሰን ነበር። ማኅበርተኞቹ ከበሉ ነገሩ አለቀ፤ ከቤቱ የበላ ሰው ነገ ተመልሶ ቤቱን ሊያማ አይችልም። ካልበሉ ደግሞ እንዲሁ አለቀ። ዘመድ በሌለበት አገር የታመመን የሚጠይቅ፣ የሞተን የሚቀብር ማኅበርተኛ ነው። እሱ ከሄደ የውብዳር ከተማው ውስጥ ያላት ባሏና ጭቃው ብቻ ናቸው።

ብርጭቆዎቹን ይዛ ገባች። ቤቱ ከአዴ ከዲጃ የተከራዩት ባለ ሁለት ክፍል ነው፤ ጣራው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ፣ ሁለቱን ክፍሎች የሚለያያቸው በጋዜጣ የተለጠፈ የሸምበቆ ግድግዳ። ከአንዱ ክፍል የተነፈሰ በሌላው ይሰማል። በፊተኛው ክፍል አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፣ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል፣ ጥግ ላይ ደግሞ ጽዋው አለ፤ ጠላ የተሞላ፣ አፉ በአበባ ጥልፍ የተሸፈነ፣ ከማኅበርተኛ ወደ ማኅበርተኛ ሲዞር የኖረ ጥቁር ማሰሮ። አሮጌው ስለተሰነጠቀ ይሄኛውን ካቻምና የገዛችው የውብዳር ራሷ ናት፣ ከቱሳ፣ በስሙኒ። በኋለኛው ክፍል አልጋቸውና ግዛቸው አሉ። ግዛቸው በመስኮቱ ብርሃን ከአንድ ሰው ራስ ፊት ቆሟል። የጭቃው ራስ ጢቾ ከተማ የሞቱ የአንድ ቀኛዝማች ነው፤ ሚስታቸው ለመቃብራቸው አዘዋል። ቀብድ ሰጥተዋል፤ በጉ የተገዛው በዚያ ነው። ሐሙስ ዕለት ሚስትየዋ የሚልኩት ሰው መጥቶ አይቶ፣ “እሳቸው ናቸው” ካለ ጀሶው ይፈስሳል።

ጭቃው እንዳይደርቅ ሁልጊዜ በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን አለበት። በዚህ ነፋስ ደግሞ ግማሽ ቀን ከተጋለጠ ይሰነጠቃል። ጨርቁ የየውብዳር አሮጌ ነጠላ ነው። ማታ ማታ እሷ ውጭ ወጥታ ታረጥበዋለች፣ ትጨምቀዋለች፣ ገብታ በሁለት እጇ ትዘረጋለታለች፤ እሱ ይቀበላትና ቀኛዝማቹን እንደ ሕፃን ይሸፍናቸዋል። በዚህ ጊዜ አይነጋገሩም። ከነሐሴ ወዲህ በመሐላቸው በየቀኑ የሚደረገው ነገር ይህ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

“ለዛሬ ብቻ አዴ ከዲጃ በረት ብንወስደውስ?” አለችው።

“አይነሣም። ከተነቃነቀ አንገቱ ይሰበራል።” ጣቱ ከቀኛዝማቹ ቅንድብ ላይ አልተነሣም። “ሰው አይገባም እዚህ። እኔም ድምፄን አጥፍቼ እቀመጣለሁ። ስለ እኔ ከጠየቁሽ ጢቾ ሄዷል በይ።”

“ካልበሉስ?”

“ካልበሉ እኔና አንቺ እንበላዋለን” አለና ሳቀ።

አልሳቀችም። እሱም አላያትም፤ የሚያየው ቅንድቡን ነበር። ጸሐፊ በነበረ ጊዜ ከሥራ ሲመለስ ሆዱን ይዞ ነበር፤ ምሳ አይረጋለትም፣ እሑድ ማታ ሲሆን አፉ ይታሠራል። አሁን በጠዋት ተነሥቶ ያፏጫል። ደረቅ ቂጣ ቢቀርብለት እያጣጣመ ይበላል። ደስ ብሎታል፤ ይህን ማንም አይክደውም። የውብዳር ደስታውን አይታ ደስ ሊላት እንደሚገባ ታውቃለች። ፈልጋው ነበር። ግን ፈልጋ አላገኘችውም፤ ስለዚህ በሩን መልሳ ሽንኩርት ልትከትፍ ሄደች።

እኩለ ቀን ላይ አዴ ከዲጃ ቅቤ ይዘው መጡ። የቅቤና የገብስ ነጋዴ ናቸው፤ ከሀጅ የመጣ ሻርፕ የሚያስሩ ጠና ያሉ ሴት። ኋለኛው ክፍል ጭቃው ከገባ ወዲህ እዚያ እግራቸውን አላስገቡም፤ የሰው ምስል ካለበት አልገባም አሉ እንጂ ከቤቴ ውጡልኝ አላሉም።

“አካም ኦልቴ፣ እንዴት ዋልሽ የውቤ” አሉ ደጃፉ ላይ እየተቀመጡ። “ያ የጭቃ ሰውዬ ዛሬም ቁጭ ብሏል?”

“ቁጭ ብሏል አዴ ከዲጃ። የት ይሄዳል?”

“አልመጣም ያለ አለ?”

“መምጣቱንስ ሁሉም ይመጣሉ።”

አዴ ከዲጃ ድስቱን አዩ፣ የውብዳርን አዩ። በጉን ስንት እንደገዛችው ጠየቁና ዘጠኝ ብር ስትላቸው ምላሳቸውን መቱ፤ ዴራ ገበያ ቢወርዱ በሰባት ይገኛል። ከዚያ ጉልበታቸውን እያሹ እንዲህ አሉ፦ “እኔ እናንተ ያረዳችሁትን በልቼ አላውቅም። አንቺም እኔ ያረድኩትን በልተሽ አታውቂም። ስንት ዘመን ጎረቤት ነን? ተጣልተናል? ወላሂ የውቤ፣ ሰው ሳይበላላም ይኖራል።”

“የእርስዎና የእኔ እኮ ሕግ ነው” አለች የውብዳር። “እርስዎ ሲተዉት እኔን ብለው አይደለም። እነሱ ግን...”

አልጨረሰችውም። አዴ ከዲጃም እንድትጨርሰው አልጠየቁም። ቅቤውን ከጎኗ አስቀምጠው፣ በኦሮምኛ የሆነ ምርቃት አጉረምርመው ሄዱ። የውብዳር ቅቤውን ድስቱ ውስጥ ጨመረችና ሲቀልጥ ቆማ አየችው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ማኅበርተኞቹ መጡ። አንድም የቀረ የለም። አባ ወልደጻድቅ መስቀላቸውን እያሳለሙ ቀድመው ገቡ፤ ከዚያ የፍርድ ቤቱ፣ የፖስታ ቤቱ፣ የትምህርት ቤቱ ሰዎች ከነሚስቶቻቸው። በመጨረሻ አቶ ገብረሥላሴ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ወይዘሮ ሸዋዬ ከኋላቸው። “እንኳን አብሮ አደረሰን” ተባለ። “ቤቱን አሳመርሽው” ተባለ። ከዚያ ወግ ያዙ፦ በጢቾ በኩል በረዶ ገብስ መታ፣ የናዝሬት መንገድ ተቆረጠ፣ የዘንድሮ ሽንኩርት ተወደደ። ስለ ሁሉም ነገር ተወራ። ግዛቸው የት ነው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም፤ ሚስት ብቻዋን ማኅበር ስታወጣ ያዩት ከጥንት ጀምሮ ይመስል። ግዛቸው በበኩሉ ከሸምበቆው ጀርባ፣ ከወይዘሮ ሸዋዬ ወንበር አንድ ክንድ እንኳ በማይሞላ ርቀት፣ ትንፋሹን ውጦ ተቀምጧል። የውብዳር እንግዳ ስታስቀምጥ፣ መሐረብ ስታቀርብ፣ ዓይኗ ወደ ግድግዳው እንዳይሄድ ትጠነቀቅ ነበር።

አባ ወልደጻድቅ ተነሡ፣ ጸሎት አደረሱ፣ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። የተባረከ ዳቦ እምቢ አይባልም፤ ሁሉም ተቀበለ፣ ሁሉም ተሳለመ። ከዚያ አንድ የሚገርም ነገር ሆነ። ሳይነጋገሩ ሁሉም ዳቦውን ቋጠሩት። በመሐረብ፣ በኪስ፣ በነጠላ ጫፍ። ወይዘሮ ሸዋዬ ጠበቅ አድርገው ሲያስሩ “ለትንሿ ልጄ ልውሰድላት፣ ዳቦ ስትወድ!” አሉ። የውብዳር “ያሳድግልዎት” አለቻቸው። ሌላ ምን ትላለች? እጅ አስታጠበች፣ ሞሰቡን ከፈተች፣ ቀይ ወጡን አወጣች። የበግ ሥጋና የቅቤ ሽታ ቤቱን ሞላው። የፍርድ ቤቱ ሰው ሐኪም ሥጋ እንደከለከለው ተናገረ። የአስተማሪው ሚስት ከሌላ ዝክር በልተው እንደመጡ ማለች። ወይዘሮ ሸዋዬ ጥርሳቸውን ነበር የያዛቸው። አባ ወልደጻድቅ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ሆዴ አይቀበልም አሉና አንገታቸውን ደፉ፤ እሳቸው እንኳ አፍረው ነበር። አቶ ገብረሥላሴ ጢማቸውን ይደባብሳሉ። ሁሉም በጎን በጎን የሚያየው እሳቸውን ነው፤ የቤቱ ትልቅ ሰው እሳቸው ናቸው፤ የእሳቸው እጅ ወደ ሞሰቡ ከሄደ የሌላውም ይሄዳል። እጃቸው አልሄደም። እንጀራው ላይ ወጡ ቀዘቀዘ፣ ቅቤው ጠርዝ ጠርዙን ረጋ። የውብዳር ጭልፋውን እንደያዘች ቆማለች።

“ግዛቸው እኮ ትቶታል” አለች።

ድምፁ የራሷ መሆኑን ያወቀችው ሁሉም ወደ እሷ ሲዞር ነው።

“ምኑን?” አሉ አቶ ገብረሥላሴ።

“ጭቃውን። ከመስቀል ወዲህ ነክቶት አያውቅም። አፈሩንም ለሴትዮዋ መልሶላታል። ወደ ሥራው ሊመለስ ነው የሚፈልገው፤ እርስዎ ዘንድ መጥቶ መለመን አፍሮ ነው እንጂ። እንቅልፍ የለውም። ‘ጋሼ ገብረሥላሴን አስቀይሜ እንዴት ዓይናቸውን አያለሁ’ ነው የሚለው ሌት ተቀን።”

ውሸቱ አላስቸገራትም። ቀድሞ የተዘጋጀ ይመስል አንዱ ሌላውን እየጠራ ወጣ። አቶ ገብረሥላሴ ጢማቸውን መደባበስ ተዉ። ዓይናቸው እርጥብ አለ፤ ክፉ ሰው አይደሉም። “እኔን አፍሮ?” አሉ። “ምን ያሳፍረዋል! ያንን ቦታ እኮ ለማንም አልሰጠሁትም። ይህ ልጅ ቀልቡ ሲመለስ ይመለሳል ብያለሁ። ሸዋዬ ትመስክር።”

“ብለዋል፤ አልጋ ላይ ሆነው ሁሉ ብለዋል” አሉ ወይዘሮ ሸዋዬ።

አቶ ገብረሥላሴ የኮታቸውን እጅጌ ሰበሰቡ። ጎረሱ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን መናገር አያስፈልግም። የወይዘሮ ሸዋዬ ጥርስ ተሻለው፣ የሐኪሙ ትእዛዝ ተረሳ፣ የአባ ሆድ ተከፈተ። ወጡ ቀዝቅዞ እንኳ አንድ አጥንት ሳይጋጥ አልቀረም። ጠላው ተመሰገነ፣ ቅቤው ከማን ቤት እንደሆነ ተጠየቀ፣ የአስተማሪው ሚስት “እጅሽ ይባረክ” ብላ የየውብዳርን እጅ ያዘች፤ ከሐምሌ ወዲህ እጇን የነካ ሰው አልነበረም። የውብዳር ይህን ሰዓት ስንት ወር ስትለምነው ኖራለች። ሲበሉ ካየሁ ሌላ አልፈልግም ብላ ነበር። አሁን ይኸው ይበላሉ። ደስታው እስኪመጣ ቆማ ጠበቀችው፤ ወጥ ጨመረች፣ እንጀራ ጨመረች፣ አልመጣም።

“ለመሆኑ የት ነው ያለው?” አሉ አቶ ገብረሥላሴ አፋቸውን እየጠረጉ።

ጢቾ ሄዷል ልትል አፏን ከፈተች። ግን ቀልቡ የተመለሰ ሰው ጢቾ ምን ያደርጋል? “ውስጥ ነው” አለች። “ፊታችሁን ማየት አፍሮ።”

“በይ ጥሪው! ኧረ ጥሪው!”

“ግዛቸው” አለች ወደ ሸምበቆው ዞራ። “ና፣ ጋሼ ይጠሩሃል።”

ከዚያ ከውስጥ ድፍን ያለ ድምፅ ተሰማ፤ የተቦካ ሊጥ ከገበታ ላይ ሲጣል እንደሚሰማው። ትንሽ ቆይቶ ሌላ። ቀጥሎም ሌላ። ከዚያ ውሃ ሲፈስ። “ይታጠብ፣ ይታጠብ፣ አታስቸኩዪው” አሉ ወይዘሮ ሸዋዬ በርኅራኄ። ለረዥም ጊዜ ታጠበ። ሲወጣ ኮቱን ለብሷል፣ ከረባቱን አሥሯል፣ ጸጉሩን አበጥሯል። ፊቱ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም። በቀጥታ ሄዶ የአቶ ገብረሥላሴን ጉልበት ሊስም ዝቅ ሲል እሳቸው ብብቱን ይዘው አነሡትና ትከሻውን ደጋግመው ሳሙት። ሴቶቹ ዓይናቸውን ጠረጉ። አባ ወልደጻድቅ “እልል በሉ እንጂ” ስላሉ እልልታ ሆነ።

“ነገ በሁለት ሰዓት” አሉ አቶ ገብረሥላሴ ከጎናቸው እያስቀመጡት። “ያለፈው አለፈ፤ አንድ ሰው አንድ ቃል አይናገርህም። ያቺ ሰምህ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ናት፣ ታውቃለህ? እጅህን እኮ ማንም አልጠላውም። በትርፍ ጊዜህ በሰም ሥራ፤ ሰም ንጹሕ ነገር ነው።” አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፉ ዘረጉለት። ግዛቸው አፉን ከፈተ። ሲያላምጥ የውብዳር የቀኝ አውራ ጣቱን ጥፍር አየች፤ ከሥሩ ቀጭን የጭቃ መሥመር ቀርቷል። ከእሷ ሌላ ያየው የለም። ከጉርሻው በኋላ አንድ ቃል ተናገረ፦ “እግዜር ይስጥልኝ።”

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማኅበርተኞቹ ተነሡ። የሚመጣው ወር ተራ የወይዘሮ ሸዋዬ ስለሆነ ጽዋው ወደ እሳቸው ይሄዳል። ጠዋት ላይ የውብዳር ከሁሉ የፈራችው ይህችን ሰዓት ነበር፤ ጽዋው “እዚሁ ይሰንብት” ተብሎ ይቀራል ብላ። አልቀረም። ወይዘሮ ሸዋዬ ተንበርክከው የቱሳን ማሰሮ ተሳለሙት፣ በነጠላቸው ጠቀለሉት፣ ከደረታቸው ጋር አጣብቀው እንቅፋት እንዳይመታቸው ፈራ ተባ እያሉ ወጡ። ከደጃፉ ላይ ዞር ብለው “ትንሿን ነገ እልክልሻለሁ፣ እዚህ ትዋል፤ ቤቱ ጭር እንዳይልሽ” አሏት። የውብዳር አመሰገነች።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ግዛቸው ከአግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ኮቱን አወለቀ፣ እጅጌውን አቃንቶ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። ቁጣ ትጠብቅ ነበር፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። “ጥሩ ተናገርሽ” አላት ብቻ፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባውን እንደሚያመሰግን ዓይነት።

“ሐሙስ ለሚመጣው ሰውዬ ምን እንለዋለን?”

“አንቺ ንገሪው” አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ “የጫማ ቀለሙ የት ነው ያለው?” ሲል ጠየቃት።

አልጋ ሥር እንዳለ ነገረችው። እሱ ጫማውን ይዞ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፤ እሷ አጥንቱን ሰበሰበች፣ ብርጭቆውን ቆጥራ ደረደረች፣ ነጩን የጠረጴዛ ጨርቅ አውጥታ አራገፈች። ከበጉ የተረፈ አልነበረም። ሲመሽ የምታደርገውን ሁሉ እንደ ልማዷ በተራ አደረገች። ዶሮዎቹን ከተተች፣ በርሜሉን ከደነች፣ ከገመዱ ላይ አሮጌውን ነጠላ አወረደች። በቀዝቃዛው ውሃ ነከረችው። ጨመቀችው፣ አራገፈችው፣ እንዳይበዛም እንዳያንስም አድርጋ ደግማ ጨመቀችው። ከዚያ እያንጠባጠበች በግዛቸው አጠገብ አልፋ ገባች። ግዛቸው ቀና ብሎ ጨርቁን አየ። ወደ ጫማው ተመለሰ።

ኋለኛው ክፍል ገብታ እንደ ሁልጊዜው ሁለት እጇን ዘረጋች። በመስኮቱ ሥር ሣንቃው አለ። ሣንቃው ላይ ቀኛዝማቹ የሉም፣ አንድ የተተከለ እንጨት ብቻ ቆሟል፤ በአንገቱ ላይ የጣት ቁራጭ የሚያህል ጭቃ ተጣብቆበታል። ከጥጉ ጆንያው ተቀምጧል፣ በጭቃው ሞልቶ፣ አፉ በሲባጎ ታሥሮ። ድምፁን ሰምታው ነበር፤ ሊጥ አለመሆኑንም ያኔውኑ አውቃለች። እጆቿ ግን አላወቁም ነበር። ከደጅ የጫማው ብሩሽ ሲሄድና ሲመለስ ይሰማታል። የውብዳር ጨርቁን እንደዘረጋች ቆመች፤ ውሃው በባዶ እግሯ ላይ ይንጠባጠባል፤ የሚቀበላት ሰው እስኪመጣ ትጠብቃለች።